ወይዘሮ ቤኔት ሞኝ ናትን? በጄን ኦስተን ዘመን ጋብቻ፣ ርስትና ፍቅር

የጄን ኦስተንን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ያነበቡ አንዲት ጠያቂ ሦስት ነገር አንስተዋል። አምስት ሴት ልጆች እያሉ የቤኔት ቤተሰብ ርስት ለምን ለሩቅ ዘመድ ይተላለፋል? ብልህ የሆነችው የኤልዛቤት ጓደኛ ሻርሎት ሉካስ ኮሊንስ የሚባለውን አሰልቺ ቄስ ለምን አገባች? ከአምስቱ ልጆች ሁለተኛዋ ኤልዛቤትስ ለባለጸጋው ለዳርሲ ልቧ የራራው ፔምበርሊ የሚባለውን ግቢውን ካየች በኋላ ከሆነ ፍቅሯ የገንዘብ ፍቅር አይሆንም ወይ? እግረ መንገዳቸውንም እናትየዋን፣ ወይዘሮ ቤኔትን፣ «ልጆቿን ገበያ የምታወጣ ቀላል ሴት» ብለዋታል።

ከእናትየዋ ልጀምር፤ በአንባቢ ዘንድ ከሁሉ በላይ የተበደለችው እሷ ናትና። ስለ ጠባይዋ ያሉት እውነት ነው። ሰው መሀል የምትናገረው ያሳፍራል፣ አፏም የልጆቿን ዕድል ያበላሻል። ፍርሃቷ ግን ከሒሳብ የመጣ ነው፤ ሒሳቡን ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ ማንም አላስተባበለባትም። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ከመምጣቱ በፊት በዚያ ዘመን ልብ ወለድ ውስጥ ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ ማወቅ ያስፈልጋል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መሬት ያለው ወንድ የሚጠራው በዓመት ገቢው ነው፤ አቶ ቤኔት 2,000 ፓውንድ፣ ዳርሲ 10,000 ፓውንድ። ሴት ልጅ ግን የምትጠራው በጥቅል ድርሻዋ ነው፤ የዳርሲ እህት ጆርጂያና 30,000፣ የዳርሲ ጓደኛ የቢንግሊ እህቶች እያንዳንዳቸው 20,000። ሁለቱን ለማስተያየት ጥቅሉን ለ20 ወይም ለ25 ያካፍሉት፤ ይህም 5 ወይም 4 ከመቶ ወለድ ማለት ነው። ቢንግሊ ከአባቱ 100,000 ፓውንድ ወርሶ «በዓመት አራት ወይም አምስት ሺህ አለው» የሚባለው በዚሁ ስሌት ነው። ጆርጂያናም በዓመት ከ1,200 እስከ 1,500 የምታስገባ ልጅ ናት ማለት ነው። ዊካም የሚባለው መልከ መልካም ባለዕዳ በ15 ዓመቷ ሊያስኮበልላት የሞከረው ለዚህ ነው፤ ከዚህ በኋላ ስለ እሱ የሚነገረው ሁሉ በዚህ ቁጥር ይገባናል።

አሁን ወደ ቤኔቶች እንምጣ። አባትየው በሕይወት እስካለ ድረስ 2,000 ፓውንድ በየዓመቱ ይገባል። በሞተ ዕለት ገቢውም ቤቱም ለሩቅ ዘመዱ ለቄሱ ለኮሊንስ ይሆናል። ለስድስቱ ሴቶች የሚቀረው በጋብቻ ውል ለሚስቲቱና ለልጆቹ ተለይቶ የተቀመጠው 5,000 ፓውንድ ብቻ ነው፤ በ4 ከመቶ ቢታሰብ በዓመት 200። ኑሮ ከአሥር እጅ ወደ አንድ እጅ ይወርዳል፣ መጠለያም የለም። እናትየዋ ስትሞት ደግሞ ገንዘቡ ለአምስት ተካፍሎ ለእያንዳንዷ 1,000 ፓውንድ ይደርሳታል፤ ይህም በዓመት 40 ፓውንድ ነው። ኮሊንስ ኤልዛቤትን ለጋብቻ ሲጠይቃት ይህንኑ ቁጥር ከነወለዱ ፊቷ ላይ ይዘረዝረዋል፤ ያውም ከእናቷ ሞት በፊት እንደማታገኘው ጨምሮ። ሌላ ሰው ደግሞ ላይመጣ ይችላል ይላታል። ጨዋነት የጎደለው ንግግር ነው፣ ስህተት ግን የለበትም።

ጥፋቱ የማን ነው ቢሉኝ የአባትየው ነው እላለሁ። አንባቢ በቀልዱ ስለሚማረክ ይምረዋል። አቶ ቤኔት ሲያገባ ያልቆጠበው ወንድ ልጅ እንደሚወለድ እርግጠኛ ስለነበረ ነው። ልጁ አካለ መጠን ሲደርስ ከአባቱ ጋር ፈርሞ ርስቱን በወንድ ዘር ያሰረውን ሰነድ ያፈርሳል፤ ያኔ ለእናትና ለልጆች ሁሉ ይበቃል። አምስት ሴቶች ተወለዱ። የመጨረሻዋ ልጅ ሊዲያ ከተወለደች በኋላም እናትየዋ ለዓመታት ተስፋ አልቆረጠችም ነበር፤ ተስፋው ሲያልቅ መቆጠብ የሚጀመርበት ጊዜ አልፎ ነበር። ዕዳ የለበትም፣ ጥሪትም የለውም። በዓመት 200 ፓውንድ ብቻ እየለየ ቢያስቀምጥ ኖሮ በሃያ ዓመት 4,000 ፓውንድ ከነወለዱ ይሆን ነበር። እሱ ግን መጻሕፍት ቤቱ ገብቶ በሚስቱ ይስቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ርስቱ ላይ ነው፤ «የእንግሊዝ ሕግ ሴት እንዳትወርስ ይከለክል ነበር» ይባላል። እንዲህ አይደለም። ኑዛዜና ልዩ ሰነድ ከሌለ ወንድ ልጅ ይቀድማል፤ ወንድ ልጅ ከሌለ ግን ሴቶቹ ልጆች ከሩቅ ወንድ ዘመድ ይቀድማሉ። ሎንግቦርን፣ የቤኔቶች ርስት፣ ለኮሊንስ የሚሄደው ከአቶ ቤኔት በፊት የነበሩ የቤተሰቡ ሰዎች መሬቱ በወንድ ዘር ብቻ እንዲተላለፍ በሰነድ ስላሰሩት ነው። ማስረጃው መጽሐፉ ውስጥ አለ። የዳርሲ አክስት ሌዲ ካትሪን ደ በርግ በባሏ ቤተሰብ ርስትን ከሴት ዘር መከልከል አስፈላጊ ሆኖ እንዳልተገኘ ለኤልዛቤት በኩራት ትነግራታለች፤ ሮዚንግስ የሚባለውን ትልቅ ርስት የምትወርሰውም አንዲት ልጇ አን ናት። ስለዚህ ወይዘሮ ቤኔት «ይህ ግፍ ነው» እያለች ስትጮህ እንደ መሃይም አትዩዋት። ሕጉን አታውቀውም፣ ግፉን ግን አልሳተችም። ሰነዱን የፈረሙት ወንዶች ናቸው፣ መፍረስ የሚችለውም በወንዶች ፊርማ ነበር።

«ወንድም ቢኖራቸው ኖሮስ?» ለሚል፣ ኦስተን በ1811 ባሳተመችው «ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ» ሁለተኛ ምዕራፍ መልስ ሰጥታለች፤ በእኔ አስተያየት ከጻፈቻቸው ትዕይንቶች ሁሉ የከፋውና የሚያስቀው ይህ ነው። ጆን ዳሽውድ ለሚሞት አባቱ የእንጀራ እናቱንና ሦስት እህቶቹን እንደሚረዳ ቃል ገብቷል። ለእያንዳንዷ 1,000፣ በጠቅላላ 3,000 ፓውንድ ሊሰጥ ያስባል። ሚስቱ ፋኒ ታናግረዋለች። መጀመሪያ በግማሽ ይቀንሳል፤ ቀጥሎ ለእናትየዋ በየዓመቱ 100 ፓውንድ ይሁን ይላል። ሚስቱ፣ ዓመታዊ ድጎማ የሚከፈለው ሰው አይሞትም ብላ ያንንም ታስተወዋለች። ከዚያ አልፎ አልፎ 50 ፓውንድ ስጦታ፤ መጨረሻው ቤት ሲቀይሩ ዕቃ ማገዝና በወቅቱ ዓሣና የታደነ ሥጋ መላክ ይሆናል። አንድም ክፉ ቃል አልተነገረም፤ ሁሉም በምክንያት ነው። በቃል የተሰጠ አደራ በፍርድ ቤት አይጠየቅም፤ ስለዚህም አራት ሴቶች ከአንድ ሰው ሚስት ጋር በተደረገ የአንድ ቀን ወሬ ድርሻቸውን አጡ።

የኛ አገር አንባቢ እዚህ ላይ የሚቸገርበት የራሱ ምክንያት አለው። በሰሜን ኢትዮጵያ የርስት ሥርዓት ሴት ልጅም በአባቷም በእናቷም በኩል ርስት ትጠይቅ ነበር፤ በተግባር ጉልበት ያለው ወንድም ቢያይልም መብቱ የታወቀ ነበር። በሰማንያ የተጋቡ ሰዎች ሲፋቱ ደግሞ የየግላቸውን ይዘው የጋራውን ይካፈላሉ። ይህን በልቡ ይዞ የሚያነብ ሰው «ካልተስማማት ትፍታው፣ ድርሻዋን ይዛ ትውጣ» ይላል። በእንግሊዝ ግን ሴት ባገባች ቀን በሕግ ፊት ሰውነቷ በባሏ ውስጥ ይጠቀለል ነበር። ጥሬ ገንዘቧ፣ ጌጧ፣ ሠርታ ያገኘችው ሁሉ የሱ ነው። መሬት ቢኖራት ያለ እሷ ፈቃድ መሸጥ ባይችልም ኪራዩን የሚበላው እሱ ነው። በስሟ ውል አትዋዋልም፣ አትከስም። ልጆቹ የአባት ናቸው፤ እናት ከሰባት ዓመት በታች ላሉ ልጆቿ ለፍርድ ቤት ማመልከት የቻለችው በ1839 ነው። እስከ 1857 ድረስ ዳግም ማግባት የሚያስችል ፍቺ የሚገኘው ፓርላማው ለዚያ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ሕግ ሲያወጣ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ባል የሚስቱን አመንዝራነት ብቻ ማስረዳት ሲበቃው፣ ሚስት በላዩ ላይ ጭካኔን ወይም ሌላ በደል መጨመር ነበረባት። ያገባች ሴት ንብረቷን እንደ ራሷ ንብረት መያዝ የቻለችው በ1882 በወጣው ሕግ ነው። መጽሐፉ የታተመው በጥር 1813 ነው።

ከዚህ ማምለጫው አንድ ነበር፤ የጋብቻ ውል። ከሠርግ በፊት የሴቷ ወገን ጠበቃ ይዞ ይደራደራል፤ የተወሰነ ገንዘብ በባለአደራዎች እጅ ይቀመጣል፣ ባል ሊነካው አይችልም። በውሉ ውስጥ ሦስት ነገር ይጻፋል፤ ሚስት በየዓመቱ ለራሷ የምታወጣው ገንዘብ፣ ባል ቢሞት በየዓመቱ የሚከፈላት፣ ለሚወለዱ ልጆች የሚለየው ድርሻ። ውል ለማጻፍ ግን ገንዘብና የሚቆም ዘመድ ያስፈልጋል። ድሃዋ ያለ ውል ትገባለች።

«ታዲያ ለምን አልሠሩም?» ለተማረች ጨዋ ሴት የተከፈተው ሥራ በሰው ቤት ልጆችን ማስተማር ነበር። በ1847 በታተመው የሻርሎት ብሮንቴ ልብ ወለድ ጄን ኤር በቶርንፊልድ የሚከፈላት በዓመት 30 ፓውንድ ነው፤ ያውም በፊት ከነበረችበት ትምህርት ቤት እጥፍ። ምግብና መኝታ አለው፣ ጡረታ የለውም። ከአሽከሮች ጋር አትበላም፣ ከጌቶቹም ጋር አትቀመጥም። የኦስተን «ኤማ» ውስጥ ጄን ፌርፋክስ ይህን ሥራ ከሰው ንግድ ጋር አስተያይታ የምትናገረው ያለ ነገር አይደለም።

አሁን ሻርሎት ትገባናለች። ዕድሜዋ 27 ነው፣ መልኳ አያስወራም፣ ድርሻዋ ትንሽ ነው። የኤልዛቤት ታላቅ እህት ጄን ገና 23 ሳይሞላት ታናሿ ሊዲያ «ቆሞ ቀር ልትሆኚ ነው» የምትልበት ቤት አጠገብ ነው የምትኖረው። ኮሊንስ በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ሴት ጠየቀ፤ ሁለተኛዋ ሻርሎት ናት፣ እሺ አለች። ኦስተን የቤተሰቡን ደስታ አንድ በአንድ ትነግረናለች። ወንድሞቿ ሳታገባ አርጅታ በእነሱ ጫንቃ ላይ ትሞታለች ከሚል ስጋት ወጡ። ታናናሾቿ ከታሰበው አንድ ሁለት ዓመት ቀድመው ወደ ማኅበራዊ ግብዣ ሊወጡ ነው። እናቷ ደግሞ አቶ ቤኔት ስንት ዓመት ሊኖር እንደሚችል ወዲያው ማስላት ጀመረች። ይህን ዝርዝር ረጋ ብለው ያንብቡት፤ በአንዲት ሴት «እሺ» ማለት ስንት ሰው እንደሚያርፍ ያያሉ።

ሻርሎት አልተታለለችም። ስለ ወንዶችም ስለ ጋብቻም ትልቅ ግምት የላትም፤ የምትፈልገው ቤት ነው። ኤልዛቤት ልትጠይቃት ስትሄድ ሻርሎት ለመቀመጫዋ ሰፋ ያለውን ጥሩ የመመገቢያ ክፍል ትታ የኋለኛውን መምረጧ ይገርማታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጥሩው ክፍል ቢሆን ኮሊንስ አዘውትሮ ይመጣል። የአትክልት ሥራ ለጤና ጥሩ ነው እያለችም ታበረታታዋለች። ስትኖር እንዲህ ነው፤ በሰዓትና በበር እየለየች። ደራሲዋ አትቀጣትም፣ አታመሰግናትም።

እዚህ ላይ ኤልዛቤት ኮሊንስን እምቢ ስትል ምን እንዳደረገች ማየት ያስፈልጋል። እሺ ብትል የእናቷና የአራት እህቶቿ መጠለያ በቤተሰብ ውስጥ ይቀር ነበር። በ20 ዓመቷ፣ በ40 ፓውንድ ተስፋ ላይ ቆማ ነው ይህን ሁሉ የገፋችው። ልብ ወለዱ ዳርሲን አምጥቶ ይክሳታል። ሕይወት እንዲህ አልካሰችም፦ ኦስተን ራሷ በታኅሣሥ 1802፣ 27 ዓመት ሊሞላት ሁለት ሳምንት ሲቀራት፣ የትልቅ ርስት ወራሽ የነበረው ሃሪስ ቢግ-ዊዘር ሲጠይቃት ማታ እሺ ብላ ጠዋት ቃሏን አነሳች። ከሁለት ዓመት ትንሽ አልፎ አባቷ ሲሞት እሷ፣ እናቷና እህቷ ወንድሞቻቸው በሚያዋጡት ገንዘብ ኖሩ። የመጽሐፉን መብት ለአሳታሚ የሸጠችው በ110 ፓውንድ ነው። ሻርሎትን 27 ዓመት ያደረገቻት ሴት የምትጽፈውን ታውቅ ነበር።

የሊዲያ ታሪክ የዚሁ ሌላ ገጽ ነው፤ አጭር ላድርገው። በ1753 በወጣው የጋብቻ ሕግ መሠረት በእንግሊዝ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው በፈቃድ ወረቀት ለማግባት የወላጅ ስምምነት ያስፈልገው ነበር፤ በስኮትላንድ ግን ሕጉ አይሠራም ነበር፣ በምስክር ፊት ተጋባን ማለት ይበቃ ነበር። የኮበለሉ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ግሬትና ግሪን የሚሄዱት ለዚህ ነበር። 16 ዓመት የሞላት ሊዲያ ከዊካም ጋር ስትጠፋ ቤተሰቡ ስኮትላንድ ሄደው ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ጋብቻ ነው። ለንደን ገብተው ዱካቸው ሲጠፋ ነው ነገሩ የከፋው። ዊካምን እንዲያገባት የሚያስገድደው ሕግ የለም፤ እህቶቿን ግን ከእንግዲህ ማን ያገባል? ኮሊንስ ሞታ ብትሆን ይሻል ነበር ብሎ የጻፈው በጭካኔ ብቻ ሳይሆን የዘመኑን ሒሳብ ይዞ ነው።

ዊካም እንዲያገባት ዳርሲ በምስጢር የከፈለው፦ ከ1,000 ፓውንድ በእጅጉ የሚበልጥ ዕዳ፣ በሊዲያ ስም በውል የተቀመጠ ሌላ 1,000 ፓውንድ፣ የጦር መኮንንነት ማዕረግ መግዣ። ገንዘቡ በእጁ ያልተሰጠው አበዳሪዎቹ ስለሚወስዱት ነው፤ በውል ከተቀመጠ የሊዲያ ሆኖ ይቆያል። ለአባትየው የደረሰው ጥያቄ ደግሞ በዓመት 100 ፓውንድና ከ5,000ው የሚደርሳት ድርሻ ብቻ ነው። አቶ ቤኔት ወዲያው ነቃ፤ ዊካም ከ10,000 ባነሰ ከወሰዳት ሞኝ ነው አለ። ለራሱ ሲያሰላ ደግሞ ልጅቷ ቤት ሳለች ከምታስወጣው ጋር ሲነጻጸር በዓመት 10 ፓውንድ እንኳ አይከስርም።

እንግዲህ ፔምበርሊ። ኤልዛቤት እህቷ ከመቼ ጀምሮ ወደድሽው ስትላት ግቢውን ካየሁ ጀምሮ ትላለች፤ ቀልድ ነው፣ ግን እንደ ቀልድ ብቻ አይለፍ። ዳርሲ መጀመሪያ ሲጠይቃት 10,000ውን ታውቅ ነበር፣ እምቢም ብላዋለች። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን አልሠራም። ታዲያ በፔምበርሊ ምን አየች? ግቢውን አየች፤ ከዚያም በላይ የቤቱን ኃላፊ ወይዘሮ ሬይኖልድስን ሰማች። ይህች ሴት ዳርሲን ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ታውቀዋለች፣ ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም፣ ጭሰኞቹና አሽከሮቹ ያመሰግኑታል አለች። ከላይ ያለውን ሕግ ያስታውሱ። ያገባች ሴት ከጋብቻ ውሉና ከባሏ ጠባይ በቀር ሌላ መከታ አልነበራትም። ስለዚህ በአንድ ሰው ሥልጣን ሥር የሚኖሩ ሰዎች ስለ እሱ የሚናገሩት ለሙሽራ ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ነው፤ ነገ እሷም በዚያው ሥልጣን ሥር ትገባለችና። የኦስተን ፍቅር ምርመራ ነው፦ ይህ ሰው እምቢ ማለት ለማይችል ሰው እንዴት ነው? ዳርሲ የሊዲያን ጉዳይ በምስጢር መጨረሱም የዚሁ ምርመራ መልስ ነው፤ ውለታ አድርጎ አልቆጠረባትምና።

ገንዘብንና ፍቅርን እንደ ተቃራኒ አድርጎ ማንበብ ለዚህ ነው የማያዋጣው። ዊካም 10,000 ፓውንድ የወረሰች ልጅ ሲከተል የኤልዛቤት አክስት ስትወቅሰው ኤልዛቤት፣ በጋብቻ ነገር ጥንቃቄ የሚያበቃው ስስትም የሚጀምረው የት ላይ ነው ብላ ትጠይቃታለች። መጽሐፉ መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አይሰጥም። አባትየው ግን በመጨረሻ፣ ዳርሲ ሊያገባት ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ከዓመታት ቀልድ በኋላ አንድ ቁም ነገር ይናገራል፤ የማታከብሪውን ሰው ካገባሽ ትጠፊያለሽ ይላታል። ከራሱ ቤት ያውቀዋል።

ወይዘሮ ቤኔትስ ያን ዜና ስትሰማ ምን አለች? መጀመሪያ ቃል አጥታ ቆየች። ከዚያ ስለ ጌጡ፣ ስለ ሠረገላው፣ ለራስሽ ስለሚሰጥሽ ዓመታዊ ገንዘብ እያለች ዘረዘረች፤ በልዩ ፈቃድ ካልተጋባችሁም አለች፤ ይህም የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ብቻ የሚሰጡት ነው። ሁላችንም እንስቅባታለን። ነገር ግን ከዘረዘረቻቸው አንዱ፣ ያ ዓመታዊ ገንዘብ፣ በጋብቻ ውሉ ላይ የሚጻፍና ለሚስት ብቻ የሚሆን ነው፤ ባሏ ደግ ይሁን ክፉ ኤልዛቤት እጅ የሚገባውም እሱ ነበር።